ስፌቱን የሚሰውረው ምንድን ነው? የተቀነባበረ ምስል ታሪክ ከሰገሌ እስከ ስፕሪንግፊልድ

እ.ኤ.አ. በ2024 የጁላይ ወር መገባደጃ ላይ አንድ ሰው ዝይ ተሸክሞ በኮሎምበስ ጎዳና ሲሄድ አንድ መንገደኛ ፎቶግራፍ አነሣው። ምስሉ እውነተኛ ነበር፤ ማንም አልነካካውም፣ ማንም አልቀጠለበትም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ያው ምስል ከኮሎምበስ በስተምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በስፕሪንግፊልድ የተነሣ ተደርጎ ተሰራጨ፤ የሄይቲ ስደተኞች የነዋሪዎችን ውሾችና ድመቶች፣ የመናፈሻ ወፎችንም ጭምር እየበሉ ነው ለሚለው ወሬም ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። በሴፕቴምበር 9 ቀን በተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ የሪፐብሊካን አባላት ገጽ ላይ ዶናልድ ትራምፕ ዳክዬና የድመት ግልገል አቅፈው የሚታዩበት፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ ሥዕል ወጣ። በማግሥቱ ወሬው በፕሬዚዳንታዊው ክርክር መድረክ ላይ ተነገረ። የከተማዋ ባለሥልጣናት ተጨባጭ ማስረጃ እንደሌለ ደጋግመው ቢናገሩም፣ በቀጣዮቹ ቀናት ቢያንስ 33 የቦምብ ማስፈራሪያዎች እንደደረሱና ሁሉም ሐሰት ሆነው እንደተገኙ የኦሃዮ ገዥ ማይክ ደዋይን አስታወቁ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሕፃናት ከየክፍላቸው እየወጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ይህን የምጽፈው ከኮሎምበስ በስተሰሜን ከምትገኘው ከሉዊስ ሴንተር ነው። እዚህም እንደ ስፕሪንግፊልድ ሁሉ ዘግይተው የመጡ፣ ስማቸው ለጎረቤት አፍ የሚከብድ፣ የምግባቸው ሽታ የሚለይ ቤተሰቦች አሉ፤ እኛም ከእነርሱ ነን። ስለዚህ የዝይው ፎቶግራፍ ነገር የሌላ ሰው ታሪክ አይደለም። በዚያ ሰሞን በሙያ ጓደኞቼ መካከል የተነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ በነባር ፎቶግራፍ ውስጥ የሌለ ሰው፣ የሌለ ዕቃ ወይም የሌለ እሳት ብርሃኑንና ጥላውን አስማምቶ የሚያስገባ መሣሪያ በየስልኩ ከገባ ወዲህ፣ ዓይናችን ስፌቱን ለይቶ ማየት ይችላል ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። በስፕሪንግፊልድ ጉዳይ በማሽን የተፈጠረው ሥዕል ማንንም አላታለለም፤ ያታለለው ያልተነካው ፎቶግራፍ ነበር። የአገራችን ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ባለፉት 110 ዓመታት ውስጥ የተቀነባበረ ምስል በኢትዮጵያ ፖለቲካ ላይ ከባድ ሚና የተጫወተባቸውን ጊዜያት ስንመረምር፣ ስፌቱን የሰወረው የአቀናባሪው ጥበብ ብቻ ሆኖ አናገኘውም። ከጥበቡ ይልቅ ስፌቱን የሰወረው፣ ምስሉን ከምንጩ ጋር አመሳክሮ የሚያይበት መዝገብ በተመልካቹ እጅ አለመኖሩ ነው።

የጥምጣሙ ፎቶግራፍ

በዐፄ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት ፎቶግራፍ ለአዲስ አበባ እንግዳ አልነበረም። ቤድሮስ ቦያጂያን የተባሉት አርመናዊ የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው ነበር፤ ሙያውም ወደ ልጆቻቸው ተላልፎ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቋል። ፎቶግራፉ ግን የብዙኃን ንብረት አልነበረም። ከመኳንንቱ፣ ከሌጋሲዮኖችና ከነጋዴዎች ቤት ውጪ የነበረው ሕዝብ የገዥውን መልክ የሚያውቀው ከወሬ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ ሲገኝ እንደ ዓይን ምስክር ይቆጠራል፤ ምስክሩን መስቀለኛ ጥያቄ የሚጠይቀው ግን የለም።

ልጅ ኢያሱ በግንቦት 1901 ዓ.ም. የአያታቸው የዐፄ ምኒልክ አልጋ ወራሽ ተብለው ታወጁ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎው መሐመድ ዓሊ የነበሩና በኋላ ክርስትና የተነሡ ናቸው። ኢያሱ ሥልጣን ከያዙ በኋላ በሐረርና በአፋር፣ በሶማሌም ምድር ከሙስሊም መሪዎች ጋር ወዳጅነት መሠረቱ፤ በጋብቻም ተሳሰሩ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በአዲስ አበባ የቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ማሠራታቸውም እንዲሁ እውነት ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እየተፋፋመ ስለነበር፣ ወደ ቱርክና ጀርመን ያዘነብላሉ የሚለው ጥርጣሬ የእንግሊዝን፣ የፈረንሳይንና የጣሊያንን ሌጋሲዮኖች አሳሰባቸው። የሸዋ መኳንንት ቅሬታና የውጭ ኃይሎች ሥጋት በአንድ ሰዓት ተገናኙ።

ኢያሱን ጥምጣም ጠምጥመውና የሙስሊም ልብስ ለብሰው የሚያሳይ ፎቶግራፍ በዋና ከተማዋ የተሰራጨው በዚህ ጊዜ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትን ጨምሮ የኢትዮጵያን ፎቶግራፍ ታሪክ ያጠኑ ጸሐፍት ምስሉ ኢያሱን ለማስወንጀል የተቀነባበረ ስለመሆኑ ጽፈዋል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት፣ ኢያሱ በሐረር ሳሉ፣ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል በሚል ክስ ከሥልጣን ወረዱ፤ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከቃል ኪዳናቸው ፈቱ። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ልክ ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ በሰገሌ ሜዳ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ከሸዋ ጦር ጋር ተጋጠመ፤ የብዙ ሺህ ሰው ደም ፈሰሰ።

አንድ ፎቶግራፍ አንድ ንጉሥ አልጣለም፤ እንዲህ ማለት ታሪክን ማቅለል ነው። የምስሉን አሠራር ልብ ማለት ግን ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን አንድ ቅንብር ሲሠራ የሁለት ፎቶግራፎች ቁራጮች በመቀስ ተቆርጠው ይጣበቃሉ፤ ጠርዙ በብሩሽ ይለሰልሳል፤ ከዚያ የተጣበቀው ሁሉ እንደገና በካሜራ ይነሣል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ የሥራው ቁልፍ ነው። ዳግመኛ የተነሣው ምስል የወረቀቱን ጠርዝና የሙጫውን ምልክት ያጠፋዋል፤ ሁለት የነበረው ነገር አንድ ኔጋቲቭ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የቅጂ ቅጂ ነው፤ የመጀመሪያውን ቁራጭ አምጡ የሚል ሰው ወዴት ሄዶ እንደሚጠይቅ አያውቅም።

ሁለተኛው የአሠራር ምሥጢር ከመቀሱ ይልቅ ይረቃል። ቅንብሩ የተገጠመው በእውነት ላይ ነው። ኢያሱ ከሙስሊሞች ጋር መወዳጀታቸውን ሁሉም ያውቅ ነበር። ሐሰቱ ከዚህ የታወቀ እውነት አጠገብ ስለተቀመጠ ብርሃኑን ከእርሱ ተዋሰ። የቀጨኔው ቤተ ክርስቲያን ግን በፎቶግራፉ ውስጥ አልነበረም።

ሁለት እውነቶች በአንድ ምሽት

ከ58 ዓመት በኋላ ስፌቱ ከፎቶግራፍ ወደ ፊልም ተሻገረ። በወሎ ረሃብ በገባበት ዘመን የዐፄው መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ ማለፍን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1973 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሧቸውን ፎቶግራፎች ይዘው ተመለሱና በግቢው ውስጥ አሳዩ፤ መንግሥት ግን ምስሉ ከግቢው አጥር እንዲያልፍ አልፈለገም። በዚያው ዓመት ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. (ኦክቶበር 18 ቀን 1973) የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም ያየውን ረሃብ የአዲስ አበባ ነዋሪ በገዛ ቴሌቪዥኑ አላየውም።

ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ምሽት ነው። ደርግ የዲምብልቢን ፊልም አስቀርቦ በመካከሉ ሌሎች ትዕይንቶችን አስገባበት፦ የቤተ መንግሥት ድግስ፣ የሠርግ ኬክ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ። የወሎ ሕፃን ዓይን ይታያል፤ ከዚያ የድግሱ ጠረጴዛ፤ ከዚያ እንደገና የወሎ አፈር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ፊልሙን እንዲመለከቱ ተነግሯቸው ነበር። በማግሥቱ ጠዋት፣ መስከረም 2 ቀን፣ ከሥልጣን መውረዳቸው ተነገራቸው፤ በቮልስዋገን መኪናም ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ።

ይህ ቅንብር ከጥምጣሙ ፎቶግራፍ የሚለየው በውስጡ አንድም የሐሰት ክፈፍ ባለመኖሩ ነው። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ውሾቹም ሥጋ በልተዋል። የተፈጠረው ነገር መገጣጠሚያው ብቻ ነው። በተለያየ ጊዜና ቦታ የተቀረጹ ነገሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያልተነገረ ዓረፍተ ነገር ይወለዳል፦ «ይህ ሲበላ ያ ይሞት ነበር።» ፍርዱ በፖለቲካ ረገድ ትክክል ነው ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ መንግሥቱ ለረሃቡ የነበረው ተጠያቂነት ከባድ ነውና። እኔ እዚህ የምመዝነው ግን ፍርዱን ሳይሆን ፍርዱ የተሰጠበትን መንገድ ነው። ክሱ ቀረበ፤ ተከሳሹ መልስ አልሰጠም፤ ተመልካቹም የሚያመሳክርበት ሌላ ምስል አልነበረውም። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ 60 ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሲረሸኑ፣ የፍርድ ሥርዓትን በማስረጃ ትርኢት የመተካት ልማድ ቀድሞውኑ ተለምዶ ነበር።

ለፖሊሲ ሰው ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መራራ ነው። ለዚያ ምሽት ኃይል የሰጠው የደርግ አርትዖት ብቻ አይደለም፤ የዐፄው መንግሥት ዝምታም ነው። የመምህራኑ ፎቶግራፎች በጊዜው በአደባባይ ታይተው፣ ጋዜጣ ጽፎባቸው፣ ሹም ተጠይቆባቸው ቢሆን ኖሮ፣ በዕንቁጣጣሽ የታየው ፊልም የታወቀ ነገር ማስታወሻ በሆነ ነበር። እውነተኛውን ምስል የደበቀ መንግሥት፣ ለሚቀጥለው አቀናባሪ ባዶ ግድግዳ አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

መቀስ የሌለው እጅ

የዛሬው መሣሪያ ከዚህ ታሪክ አንጻር ምን አዲስ ነገር አመጣ? ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። ተጠቃሚው በፎቶግራፉ ላይ ሊለውጠው የሚፈልገውን ክፍል ይከልላል፤ እንዲገባ የሚፈልገውንም በቃላት ይገልጻል። ሞዴሉ የተከለለውን ቦታ ትርጉም በሌለው ነጠብጣብ ይሞላና፣ ከብዙ ሚሊዮን ምስሎች በተማረው መሠረት ነጠብጣቡን ደረጃ በደረጃ እያጠራ ወደ ሥዕል ይለውጠዋል። በየደረጃው ዙሪያውን ያለውን ያልተነካ ክፍል ስለሚያይ፣ የፀሐዩን አቅጣጫ፣ የቀለሙን ሙቀት፣ የሌንሱን ብዥታ፣ የፊልሙን ሻካራነት ጭምር ይከተላል። አዶቤ ይህን ችሎታ እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ለፎቶሾፕ ሙከራ ተጠቃሚዎች ካቀረበ ወዲህ የስቱዲዮ ሙያ የነበረው ነገር የማንም ሰው የደቂቃ ሥራ ሆኗል።

የ1909ኙ አቀናባሪ የተጣበቀውን ምስል እንደገና በካሜራ በማንሣት ጠርዙን እንዳጠፋ አይተናል። የዛሬውም ዳግመኛ ማንሣት አለው፤ ስሙ ማጋራት ነው። አንድ ምስል በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ሲላክ በአብዛኛው ይታመቃል፤ በውስጡ የነበረው የቀን፣ የቦታና የካሜራ መረጃም ይጠፋል። ሰው ከስክሪኑ ላይ ቀድቶ ሲልከው ደግሞ የቅጂ ቅጂ ይሆናል። መርማሪ የሚፈልጋቸው ጥቃቅን ምልክቶች በዚህ ጉዞ ይታጠባሉ። መቀሱ ተለወጠ እንጂ ልማዱ ያው ነው፤ ምንጩ ይጠፋል፣ ቅጂው ይዞራል።

ምስል በጠፋበት አገር

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነቱ ሲጀመር የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋረጠ። ጋዜጠኞች መግባት አልቻሉም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ከሌሎች አገሮች ጦርነቶች የተወሰዱ ፎቶግራፎች የእኛ ሆነው በሁሉም ወገን ተሰራጩ። በውጭ የምንኖረውም ከማንም በላይ አሰራጨናቸው፤ ዘመዶቻችንን በስልክ ማግኘት ያልቻልን ሰዎች ያገኘነውን ምስል ሁሉ እንደ ደብዳቤ ቆጠርነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ውጊያው ሲስፋፋም የኢንተርኔት መቋረጥና የምስል ጎርፍ አብረው መጡ።

ጨለማው ግን ሐሰትን ከማሳደግ የከፋ ሌላ ጉዳት አለው፤ እውነተኛውንም ምስል ለመካድ ያመቻል። በማኅበረ ዴጎ ያልታጠቁ ሰዎች ሲገደሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በወጡ ጊዜ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ልጥፎች እንደ ማስረጃ ሊወሰዱ አይችሉም የሚል መልስ ከመንግሥት በኩል ተሰጠ። ቢቢሲ አፍሪካ አይና ሌሎች መርማሪዎች ግን በ2013 ዓ.ም. የተራራውን ጫፍ መስመር ከሳተላይት ምስል ጋር እያስተያዩ፣ የጥላውን ርዝመት እየለኩ ቦታውን አረጋገጡ። እዚህ ላይ ምስሉን ያዳነው በዓይን ሲታይ እውነተኛ መምሰሉ አልነበረም፤ ከምስሉ ውጪ ካለ ነገር፣ ከማይንቀሳቀስ ተራራ ጋር መመሳከር መቻሉ ነው።

የመዝገብ መጥፋት ዋጋው በሰው ሕይወት የሚቆጠር መሆኑንም አይተናል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በባሕር ዳር አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ፎቶግራፋቸውን ከክስ ጋር ያጣመሩ ልጥፎች በፌስቡክ ከወጡ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በናይሮቢ በሜታ ላይ ክስ መሠረተ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። በዚያ ጉዳይም እንደ ዝይው ሁሉ ፎቶግራፉ እውነተኛ ነበር፤ ገዳዩ ከጎኑ የተጻፈው ነው።

ምን ይጠበቅብናል?

የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ የሰጠው መልስ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። አዋጁ አሰራጩን ይቀጣል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን እንዲያነሡ ያዛል። የሚያተኩረው በአፍ ላይ ነው፤ መዝገቡን የሚጠብቅ አንቀጽ የለውም። ሐሰቱን የሚወስነው አካል ራሱ ኢንተርኔቱን የሚዘጋው አካል ሲሆን ደግሞ፣ አዋጁ የጨለማውን ጌታ የመብራቱም ጌታ ያደርገዋል።

የኢንዱስትሪው መልስ ወደ ምንጩ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አዶቤ፣ ማይክሮሶፍት፣ ቢቢሲና ሌሎች ድርጅቶች በመሠረቱት ሲ2ፒኤ በተባለ ጥምረት፣ ምስል ከካሜራው ጀምሮ የተደረገበትን ለውጥ ሁሉ በዲጂታል ፊርማ የሚመዘግብ ደንብ ወጥቷል። ሃሳቡ መልካም ነው፤ ሁለት ክፍተቶች ግን አሉት። ፊርማው በማጋራት ጉዞ ሊወድቅ ይችላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚጠብቀው ወደፊት የሚነሣውን ምስል ነው። የእኛ ጭንቀት ያለፈውም ጭምር ነው። የሰገሌ ዘመቻ፣ የማይጨው ዘማቾች፣ የ1966ቱ ሰልፎች ፎቶግራፎች ዛሬ በየገጹ ቀለም እየተቀቡ፣ የጠፋው ጥጋቸው በማሽን እየተሞላ፣ ፊታቸው እየተሳለ ይዞራሉ። አድራጊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሐሳብ የላቸውም፤ አያታቸውን ጥርት አድርገው ማየት ስለፈለጉ ነው። ነገር ግን ማሽኑ የማያውቀውን የደረት ሜዳሊያ ሲስል፣ የማያውቀውን ሰንደቅ ቀለም ሲመርጥ፣ ለሚቀጥለው ትውልድ ክርክር የሐሰት ማስረጃ እያዘጋጀ ነው።

ስለዚህ በውጭ ለምንኖር ባለሙያዎች ሦስት ሥራዎች ይታዩኛል። የመጀመሪያው ዋናውን ማዳን ነው፦ በየቤቱ አልበም ያለውን ፎቶግራፍ ከማሳመራችን በፊት እንዳለ፣ ጀርባው ላይ ካለው ጽሕፈት ጋር በከፍተኛ ጥራት መቅዳት፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ከማን እጅ የሚሉትን አራት ጥያቄዎች ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ መመዝገብ። ሁለተኛው ቅጂውን ከአንድ ቦታ በላይ ማኖር ነው፦ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለው ዓይነት ስብስብ በምንኖርባቸው ከተሞች ቤተ መጻሕፍትም መንትያ ቢኖረው፣ አንድ መንግሥት ወይም አንድ እሳት ብቻውን ሊያጠፋው አይችልም። ሦስተኛው የፖሊሲ ጥብቅና ነው፦ ለዋሽንግተንም ሆነ ለአዲስ አበባ ባለሥልጣናት በምናቀርበው አቤቱታ፣ ከይዘት ማስወገድ ይልቅ ኢንተርኔት እንዳይዘጋና ጋዜጠኛ እንዳይታገድ መጠየቅን ማስቀደም።

ስፕሪንግፊልድ ይህ ሁሉ ብቻውን እንደማይበቃ አስተምሮናል። የዝይው ፎቶግራፍ ምንጭ በፍጥነት ታውቆ ነበር፤ የከተማዋ መዝገብ ክፍት ነበር፤ ማስፈራሪያው ግን አልቀረም። መዝገብ ሐሰትን አያስቀርም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ላይ ነው። በስፕሪንግፊልድ የራሱ የገዥው ፓርቲ ወገኖች ወሬውን ሲያናፍሱ ገዥው መዝገቡን ይዞ «ሐሰት ነው» ማለት ቻለ። በ1909 ዓ.ም. መስቀል ዕለት ግን እንዲህ ለማለት የሚፈልግ ቢኖር እንኳ በእጁ የሚያነሣው ነገር አልነበረውም።

በሉዊስ ሴንተር በብዙ ሳሎኖች ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ይሰቀላል፤ በሠርግ ዕለት ሙሽሮቹ መካከል፣ በሠርጉ ያልነበረ ሟች አባት በማሽን ተጨምሮ ቆሞ ይታያል። ብርሃኑ ልክ ነው፤ ጥላውም ልክ ነው። ይህን ማንም ሊነቅፍ አይገባም፤ ናፍቆት ነው። ነገር ግን ከፎቶግራፉ ጀርባ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ይጻፍበት፦ አባታችን በዚህ ቀን አልነበሩም፤ ምስላቸው ከዚህኛው ፎቶግራፍ የተወሰደ ነው፤ ዋናው እዚህ ይገኛል። የልጅ ልጆቻቸው አንድ ቀን ያን መስመር ሲያነቡ አያታቸውን አያጡም።